ከሊዮን ለቅምሻ የመጡት እንግዶችና አፍንጫዬ

አሮጌው ገበያ ቅቤ ተራ ገብታችሁ «ማርቆስን ፈልገን ነበር» ብትሉ «የቱን ማርቆስ?» ይሏችኋል። «አፍንጫውን» ካላችሁ ግን ተሸካሚውም ሳይቀር እጃችሁን ይዞ ያደርሳችሁ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ታሪኩ እሷ ውስጥ ነው ያለው።

ከአባቴ የወረስኩት መሬትም ቤትም የለም። ትምህርትንም ገና ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ ተሰነባብተናል፤ እሱም አልናፈቀኝም፣ እኔም አልናፈቅኩትም። ያለኝ ሀብት በሙሉ ከዓይኔ በታች ከጺሜ በላይ ነበር። ቅቤ ከሲዳማ ደጋ በእንሰት ቅጠል፣ በኮባ፣ ተጠቅልሎ ይወርድልናል። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ቅቤ ነው። ጉዱ ያለው ሆዱ ውስጥ ነው። አንዱ ሙዝ ይለውስበታል፤ ሌላው የሚረጋ ዘይት መሐሉ ከትቶ ላዩን በደህናው ቅቤ ይለብጠዋል። ስለዚህ አንዲት ቀጭን እንጨት እስከ ጥቅሉ እንብርት ትሰዳለህ፣ አዙረህ ታወጣለህ፣ አፍንጫህ ሥር ትይዛለህ። ከዚያ በኋላ ቅቤው ራሱ ነው የሚናገረው። ላሟ ምን ግጣ እንደሰነበተች፣ እርጎው ቆይቶ እንደሆነ፣ መናጫው በምን እንደታጠነ ሁሉን ይዘከዝካል። ደህና ቅቤ ወሬኛ ነው። ዘይት ግን ዝም ይላል። የእኛ ሥራ አንድ ሕግ ቢኖራት ይህች ናት፦ ዝም ያለ ቅቤ ሌባ ነው።

እኔ «ለጋ ነው» ካልኩ ለጋ ነው። «ዘይት አለበት» ካልኩ ባለቤቷ ጥቅሏን ታቅፋ ወደ መጣችበት መመለስ ነው፤ ሌላ ሱቅ ብትሞክር ወሬው ቀድሟት ደርሶ ይጠብቃታል። ሰው በድንበር ሲጣላ ሽማግሌ ይጠራል። በቅቤ ሲጣላ የሚጠራው እኔን ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሕይወት እየሮጠች ሱቄ መጣች። ቱሪዝም ተምራለች፣ ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ ትጠጣለች፤ ሥራ ግን አላገኘችም።

«አጎቴ፣ እንግዶች ሊመጡልኝ ነው። ከፈረንሳይ፣ ሊዮን ከምትባል ከተማ።»

«ሐይቁን ሊያዩ?»

«ሊበሉ።»

«ምነው፣ አገራቸው ምግብ ጠፋ?»

«ስማኝ እንጂ! ሊዮን ማለት የመብል ከተማ ናት። ጥቂት ሰዎች ሆነው አንድ አስጎብኚ ይይዙና ከሱቅ ሱቅ በእግራቸው ይዞራሉ። አይብ ቤት ገብተው አይብ፣ ዳቦ ቤት ገብተው ዳቦ ይቀምሳሉ። አስጎብኚዋ ስለ እያንዳንዱ ታወራላቸዋለች። ለዚህ ይከፍላሉ።»

«ይኼንንማ የእኛ ሰው ቅቤ ተራ በነፃ ያደርገዋል። ከዚህ ቀምሶ፣ ከዚያ ቀምሶ፣ ሲጠግብ ሳይገዛ ወደ ቤቱ።»

ሳቀችና ክንዴን ያዘች። «ሊዮን ላይ የምታስጎበኛቸው ሴትዮ ራሷ ናት ይዛቸው የምትመጣው። ማዳም ሶላንዥ ትባላለች። ሐዋሳንም እንደዚያ ላዞራቸው ነው። ከወደደችው ሌሎችም ታመጣልኛለች። ግን አጎቴ፣ ዋናው ነገር አንተ ነህ። አንተና እንጨትህ።»

ሰው ሲያሞግሱት ዋጋ አይከራከርም። እሺ አልኩ።

እንግዶቹ በሚመጡበት ሰሞን ጉንፋን ጣለኝ። አበባ፣ ባለቤቴ፣ በፌጦም በጤና አዳምም በእንፋሎትም አሰቃየችኝ። ሱቅ ሳልከፍት ሰነበትኩ። በቀጠሮው ዋዜማ ተነሣሁ፤ ትኩሳቱ ሄዷል፣ አፍንጫዬም ተከፍቷል፣ እንደ ልቤ እተነፍሳለሁ። ምግቡ አልጣመኝም ነበር፤ ለታማሚ መቼ ምን ጥሞት ያውቃል? ብዬ አለፍኩት።

ማለዳ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ ተገናኘን። እንግዶቹ ባልና ሚስት ጡረተኞች፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪና ሁለት ጓደኛሞች ሴቶች ናቸው። ሶላንዥ በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ አጭር ጸጉር ያላት፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። አንድ ነገር ገና ከመጀመሪያው ልብ አልኩ፤ ነጋዴ ስለሆንኩ ዓይን የት እንደሚሄድ አያለሁ። ሌሎቹ ምግቡን ሲያዩ እሷ የምታየው የሚበሉትን ሰዎች ነው። ሒሳብ የሚሠራ ሰው ዓይን ነበራት። «ይህችስ የእኛ ሰፈር ልጅ ናት» አልኩ በሆዴ።

አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ አሞራዎች ጡረታ እንዳልተከበረላቸው ሽማግሌዎች አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። የዓሣው አንጀት በየቦታው ተጥሏል። እንግዶቹ በስካርፋቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። እኔ ደግሞ እንደ ባለቤት፣

«ሕይወት፣ ዛሬ ዕድለኛ ናቸው በያቸው። ሌላ ቀን እዚህ ቦታ ያሸት ነበር» አልኩ።

ሕይወት አየችኝ። «አጎቴ፣ እያሾፍክ ነው?»

«ምን አሾፋለሁ፣ ጽድት ብሏል እንጂ።»

አልተረጎመችላቸውም። ሶላንዥ ግን ዞር ብላ አየችኝ። አማርኛ አትችልም፤ ያየችው ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ የእኔ ፊት እንደ ሰርገኛ ተፈቷል።

ጥሬ ዓሣ ተከትፎ በዳጣ ቀረበ። ዳጣው ምላሴን አቃጠለኝ፤ ደስ አለኝ፣ ጤነኛ ነኝ አልኩ። ዓሣው ግን እርጥብ ወረቀት ሆነብኝ። ባለ ዓሣውን ጠራሁት።

«ስማ፣ ይኼ የትናንት ነው አይደል?»

«ጋሼ ማርቆስ! አሁን ዓይንህ እያየ ከጀልባ ወርዶ?»

«ታዲያ ምነው ምንም አይልም?»

«ምን እንዲልህ ፈለግህ? ዓሣ ነው፤ አይዘፍንም!»

በዙሪያው ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።  ወደ ገበያ ስንሄድ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ጣቴን አሸተትኩ። ዓሣ ነክቶ ምንም የማይል ጣት አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ጉንፋኑ ነው» አልኩ። «እስከ ቅቤ ተራ ይለቀኛል።»

ቅቤ ተራ ስንደርስ ገበያው ደምቋል። ጎረቤቴ ደበበ ከሱቁ በር ሆኖ ጮኸ፦ «እህ! አፍንጫው ፈረንጅ አስከትሎ መጣ! እስቲ የነሱን አይብ አሽትትና ሙዝ እንዳለበት ንገራቸው!»

«መጀመሪያ ያንተን ካልሲ አሽትቼ ልጨርስ» አልኩት። ቅቤ ተራ ሳቀ። ሕይወት ተረጎመች፤ እንግዶቹም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያን ቀን አልሳቅኩም።

ሱቄ በር ላይ አማ ብርቱካን ተቀምጠዋል። «አማ» በሲዳምኛ እናቴ ማለት ነው። እኔ ጢም ሳላወጣ ጀምሮ ከደጋ ቅቤ ያወርዱልኛል። ባላቸው በሞተ ጊዜም፣ ከብት ባለቀ ጊዜም፣ አንድ ቀን ቅቤያቸው ውስጥ የሌለ ነገር አግኝቼ አላውቅም። ሱቄን ዘግቼ በሰነበትኩበት ጊዜ እንኳ ለሌላ አልሸጡም፤ ለልጃቸው መድኃኒት ሊገዙ ቸኩለው ሳለ እኔን ሲጠብቁ ነበር።

«ማርቆስ ልጄ፣ ዳንክ? እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ።

«ድኛለሁ አማ። ዛሬ የርስዎን ቅቤ ለውጭ አገር ሰዎች ላሳይ ነው።»

አፈሩ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እንግዶቹ ከበቡን። የቅቤ ተራ ሰውም ትርኢት ሲያይ የሚቀር አይደለምና ተሰበሰበ። ሕይወት ሁሉን ነገር አስረዳች፤ እንጨቷን፣ ሙዙን፣ ዘይቱን፣ «ዝም ያለ ቅቤ ሌባ ነው» የምትለዋንም። ዳቦ ጋጋሪው በአድናቆት አፉን ከፈተ።

እንጨቷን ሰደድኩ። አዞርኩ። አወጣሁ። አፍንጫዬ ሥር ያዝኩ።

ዝም።

ደግሜ ሳብኩ። አየር ገባ፤ ቀዝቃዛ፣ ንጹሕ፣ ባዶ አየር። እንጨቷ ላይ የሳር ሽታ የለም፣ የእርጎ የለም፣ የጭስ የለም። ሁሉም ሰው አፌን ያያል። እዚህች ላይ ነው እንግዲህ ሕይወቴ ለሁለት የተከፈለችው። ልክ ነበር ልላችሁ አልችልም። ዕድሜ ልኬን አንድ ሕግ ይዤ ኖሬ ነበር፤ በዚያች ደቂቃም አፌ ያወጣው ሕጉን ነው።

«አማ» አልኩ፣ «ይኼ ዘይት አለበት።»

 አማ ብርቱካን መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ ቀልድ መስሏቸው። ቀጥሎ ፊቴን አዩ፤ ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ።

«ልጄ፣ ድገመው እስቲ።»

ሁለተኛውን ጥቅል ወጋሁ። ዝም። ሦስተኛውን። ዝም። 

«ሁሉም ነው» አልኩ። «ሁሉም ዘይት ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እኔም እኮ ድሮም እጠረጥር ነበር» ስትል ሰማሁ።  አማ ኮባውን በቅቤው ላይ መልሰው መጠቅለል ጀመሩ፤ በጣም ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚሸፍን ሰው።

ደበበ ሰውን ገፍቶ መጣ። እንጨቷን ከእጄ ነጠቀና አሸተተ። አየኝ። እንደገና አሸተተ።

«ማርቆስ፣ አብደሃል? ይኼ እኮ ለጋ ነው! እዚህ ድረስ ያውዳል!» ለጎረቤቱ ሰጠ፣ ጎረቤቱ ለሌላው። «ለጋ ነው።» «ምን ነካው?» «ዘይት? የቱ ዘይት?» እንጨቷ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። ሁሉም ያሸታል፤ ሁሉም ያገኛል። የማያገኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አማ ብርቱካን ተነሡ። ዓይናቸው እንባ አላቀረረም፤ ቢያቀርር ይሻለኝ ነበር።

«ማርቆስ፣ አፍንጫህ አልበደለኝም» አሉ በዝግታ፣ አማርኛውን እየፈለጉ። «አፍንጫ ይታመማል። አንተ ግን ታውቀኛለህ። ከልጅነት ታውቀኛለህ። አፍንጫህ ዘይት ሲልህ ጊዜ፣ 'ብርቱካን ይህን አታደርግም፣ እኔ ነኝ የታመምኩ' ማለት አልቻልክም?»

  ደበበ ጥቅሎቹን ተሸክሞላቸው ወደ ሱቁ ወሰዳቸው፤ ገዛቸውም።

ሕይወት እንግዶቹን በጥድፊያ ወደ ማር ሻጮቹ አሻገረቻቸው። ሶላንዥ ቀረች። ከአጠገባችን ካለችው ቅመም ሻጭ አንድ ኮረሪማ አንሥታ በጥርሷ ሰነጠቀችው። ዓይኔን እንድጨፍን በእጇ አሳየችኝ። ጨፈንኩ። አንድ ነገር አፍንጫዬ ሥር እንደያዘች አውቃለሁ፤ የእጇን ሙቀት ይሰማኛል። ሌላ ምንም የለም። ዓይኔን ስከፍት ሕይወት ተመልሳ ከጎኗ ቆማለች። ሶላንዥ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ትልሃለች» አለች ሕይወት።

«ጉንፋን ነው። ይለቀኛል በያት።»

ሶላንዥ ትርጉሙን ሰምታ ራሷን ነቀነቀች። ያለችውን ሕይወት ተረጎመችልኝ።

«አጎቴ... እሷም አይሸታትም። በጉንፋን ነው የሄደባት፣ ዓመታት ሆኗታል። ሐኪሞች ጠብቂ አሏት፤ ጠበቀች። አልተመለሰም። አይብ ቤት ገብታ ስለ አይብ የምታወራው ከትዝታ ነው። ምን እንደቀመሱ የምታውቀው የእንግዶቹን ፊት አይታ ነው። እነዚህ ሰዎች አያውቁም። ሊዮን ውስጥም ማንም አያውቅም። 'አንተ ዓሣው ጋ ስትቆም ነው ያወቅሁት' ትላለች።»

ሴትዮዋን አየኋት። ሌባ ሌባን ሲያውቅ እንደዚህ ነው ለካ።

«እንዴት ትችለዋለች በያት።»

ሶላንዥ ትከሻዋን ሰበቀች። አጭር ነገር ተናገረች።

«አልችለውም፣ እሠራዋለሁ እንጂ፤ ትላለች።»

የጉብኝቱ መጨረሻ የእኔው ቤት ነበር። አበባ ቡርሳሜ ሠርታ ጠብቃናለች፤ ቆጮው በቅቤ ርሶ፣ ወተት ከጎኑ። በፍቼ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሲበላ ሁሉም ከአንድ ዕቃ ነውና እንደዚያው አድርጋ አቀረበችው። ለእንግዶቹ ክብር ስትል ከቤት ያለውን ምርጥ ቅቤ አንጥራለች። ማን ያመጣው ቅቤ እንደሆነ እኔም እሷም እናውቃለን፤ አበባ ግን ገበያ ላይ የሆነውን ገና አልሰማችም።

ሶላንዥ ከጎኔ ተቀመጠች። ቀመሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ሳሩን አነሣች፣ ጭሱን፣ የመሬት ውስጥ እርጥበትን፣ ሊዮን ውስጥ አንዲት አሮጊት የምትሸጠውን አይብ። ሕይወት እየተረጎመች ነው። እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ደግመው ይጎርሳሉ። ጡረተኛው ባል እንባ አቀረረ። አበባ በደስታ ፊቷ በራ፤ እንዲህ አምራ አይቻት አላውቅም። አንድም ነገር ሳይሸታት ቤቱን በመዓዛ ሞላችው። ያን ጊዜ ፍርሃቴ መጠን አጣ፤ ለካ ሰው ባዶ ሆኖም ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

«ማርቆስ፣ አንተስ? ምነው ዝም አልክ? አልጣፈጠም?» አለች አበባ።

አፌ ውስጥ ያለው ሙቅ ጭቃ ነው። ዓይኖቿን አየሁ። «ጣፍጧል» አልኩ።

ሶላንዥ ወደኔ አልዞረችም። ከገበታው ሥር ግን እጄን አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ለቀቀችው። እንኳን ደህና መጣህ ማለቷ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሙ ጥሩ ልጅ ነው፤ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ። ይህን ያህልማ እኔም ሳልማር አውቅ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጸለዩልኝ። ጠዋት ጠዋት ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅቤ በየተራ አሸትታለሁ፤ ተዘግቶ የቀረ ቤት በር እንደሚያንኳኳ ሰው። የሚከፍት የለም። ቅቤ ተራ ያለውን ሱቄን ለቅቄ አሁን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ፕላስቲክ እሸጣለሁ፤ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ገመድ። ፕላስቲክ ጥሩ ነው፤ ማንም አሽትቶ አይገዛውም።

አማ ብርቱካንን ሽማግሌ ይዤ ቤታቸው ድረስ ወጥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅር አሉኝ፤ ወተት ሰጡኝ፤ መረቁኝ። ስወጣ ግን እንደ ድሮው «ልጄ» አላሉኝም። «ማርቆስ፣ በሰላም ግባ» አሉ።

ሶላንዥ አልፎ አልፎ ለሕይወት በስልክ ትጽፍላታለች፤ እንግዶችም ልካላታለች። «የአጎትሽ አፍንጫ ተመለሰ?» ብላ ትጠይቃለች። አልተመለሰም እንላታለን። «ያንቺስ?» ስንላት ስለ ሊዮን የአየር ጠባይ ትጽፋለች።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሁላችሁም አንድ የምትተማመኑበት እንጨት አላችሁ። ዓይን ይሆናል፣ ትምህርት ይሆናል፣ «ሰው አይቼ አውቃለሁ» የምትሉት ነገር ይሆናል። እስከ ዛሬ ሠርቶላችሁ ይሆናል። አንድ ቀን ዝም ሲላችሁ፣ ፊታችሁ የቆመውን ሰው ሌባ ከማለታችሁ በፊት ቆም በሉ። እኔ ቆም ብል ኖሮ የማጣው አፍንጫዬን ብቻ ነበር።

በዚህ ዓመት ፍቼ ሰው ሁሉ ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ሲጎርፍ እኔ ቤት ቀረሁ። አንድ መንገደኛ በሩን አንኳኳና ጥቅል ሰጥቶኝ ሄደ። ኮባው የተቋጠረበትን መንገድ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ናቸው። መልእክት የለውም። አስቀምጬው ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከመጥረጊያው አንዲት ቀጭን እንጨት ሰብሬ እስከ እንብርቱ ሰደድኳት፣ አዞርኩ፣ አወጣሁ፣ አፍንጫዬ ሥር ያዝኳት።

ዝም።

«አበባ» ብዬ ጠራኋት። «ነይ እስቲ አሽትችው። ምን ይላል?»

ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቧል።

«ለጋ ነው» አለች።

አመንኳት።